ከኮሮና በኋላ ትንፋሽ ሲያጥር፦ መንስኤውን ከመለየት እስከ ማገገም

ኮሮና ይዞት ከዳነ ከወራት በኋላም ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ስልክ እያወራ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ሳሉ አልለቅ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ቫይረሱ ሳንባህን ጎድቶት ነው፣ ከዚህ በኋላ ምንም አይደረግም።» ይህ አባባል ሰውን በሁለት በኩል ይጎዳል። ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሁልጊዜ ሳንባው አይደለም፤ ሊታከም የሚችል ሌላ በሽታ በኮሮና ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ሳንባው በእርግጥ የተጎዳበት ሰው ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሻለዋል። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት መንስኤውን መለየት ይቀድማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 ባወጣው ትርጉም መሠረት፣ ሕመሙ ከጀመረ 3 ወር አካባቢ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና ሌላ በሽታ የማያብራራው ምልክት «ድኅረ ኮቪድ» ይባላል። «ሌላ በሽታ የማያብራራው» የምትለዋን ልብ ይበሉ። ሌላው በሽታ መኖር አለመኖሩ ሳይመረመር ድኅረ ኮቪድ ነው ማለት አይቻልም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ትንፋሹ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ አየር ሲያስገቡ ደረትዎን የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ደም ከተፉ፣ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ የሚቀጥለውን ገጽ አያንብቡ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። ኮሮና ደም የማርጋት ጠባይ አለው። እግር ላይ የረጋ ደም ተነሥቶ የሳንባን የደም ሥር ሲዘጋ የሚታዩት እነዚሁ ምልክቶች ናቸው፣ በሰዓታት ውስጥም ሊገድል ይችላል።

ትንፋሹን ምን እያሳጠረው ነው?

የመጀመሪያው ሳንባው ራሱ ነው። ኦክስጅን ከአየር ከረጢቶቹ ወደ ደም የሚያልፍበት በጣም ስስ ግድግዳ በብግነት ይወፍራል፣ አንዳንዱም ላይ ጠባሳ ይተዋል። ይህ በብዛት የሚገኘው ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው የነበሩ ሰዎች ላይ ነው። መለያው ቁጭ ሲሉ ኦክስጅኑ ደህና ሆኖ ሲራመዱ መውረዱ፣ ደረቅ ሳል፣ ሐኪሙ ጀርባ ላይ ሲያዳምጥ ደግሞ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መስማቱ ነው።

ሁለተኛው የጡንቻ መድከም ነው፤ ሰዎች በጣም የሚንቁት ይኸኛውን ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የዋለ ሰው የጭኑም የመተንፈሻውም ጡንቻ ይሟሽሻል። የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ኦክስጅኑ አይወርድም፣ ልብ ግን ቶሎ ይመታል፣ እግር ይዝላል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይም ምልክቱ ተመሳሳይ ስለሆነ የሄሞግሎቢን ምርመራ መዘለል የለበትም።

ሦስተኛው የአተነፋፈስ መዛባት ነው። በሕመሙ ጊዜ የተለመደው ፈጣንና ላይ ላዩን የሆነ አተነፋፈስ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ይቀጥላል። «አየሩ እስከ ውስጥ አልገባልኝም» የሚል ስሜት፣ ደጋግሞ በረዥሙ መተንፈስ፣ ማዛጋት፣ የጣት ጫፍና የከንፈር መደንዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ራጁም ኦክስጅኑም ጤነኛ ይሆናል። ሰውየው ግን እያስመሰለ አይደለም፤ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ በልምምድም ይድናል።

ከዚያ ልብ ይመጣል፦ ተጋድሞ መተኛት ካቃተ፣ ሁለቱም እግሮች ካበጡ፣ ልብ ያለ ምክንያት በፍጥነት ከመታ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የሚብስ ሳልና የሚያፏጭ ደረት ደግሞ ወደ አስም ያመለክታል።

በኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ መረሳት የሌለበት ሳንባ ነቀርሳ ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ ማታ የሚነሣ ትኩሳት ካለ «ኮሮናው ነው» ብሎ መጠበቅ ሌላውንም የቤት ሰው ያስይዛል። የአክታ ምርመራ፣ በተለይ ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ይጠይቁ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ የት እንደተወለዱና ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ነበረ እንደሆነ ለሐኪሙ ራስዎ ይንገሩት፤ እዚያ ያለ ሐኪም ቲቢ ቶሎ ላይታየው ይችላል።

ቤት ውስጥ መለካት

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ጠቃሚ ነው፣ በደንብ ካልተጠቀሙበት ግን ያሳስታል። ከመለካትዎ በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ይበሉ። እጅዎ ከቀዘቀዘ አሹት ወይም ለብ ባለ ውኃ ያሙቁት። የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ ያለበትን ጣት ይተዉ፤ ሁሉም ጣት ከተቀባ የጆሮ ጫፍ ላይ የሚለካ መሣሪያ ያለበት ተቋም ይሂዱ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ፣ ቁጥሩ ተረጋግቶ እስኪቆም አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። መጀመሪያ ብልጭ ያለውን ቁጥር አይጻፉ።

ሁለት ነገር ቁጥሩን ያዛባል። አንዱ የቆዳ ቀለም ነው፦ በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ደህና ቁጥር እያሳየ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ያነሰባቸው ጥቁር ሕሙማን ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው እየታፈነ ከሆነ ሰውየውን ይመኑ። ሌላው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ጤነኛ ሰው ላይም ከ92 እስከ 96 ያለ ቁጥር እንግዳ አይደለም። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ግን ዘወትር 92 ካየ መመርመር አለበት። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው «95 እና ከዚያ በላይ» የሚለው መለኪያ ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሰው ጥሩ መላ አለው፦ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ቤት ሁለት ሦስት ጤነኛ ቤተሰብ ይለኩና የእርስዎን ከነሱ ጋር ያስተያዩ። ከነሱ በ3 ወይም በ4 የሚያንስ ከሆነ ለሐኪም የሚነገር ነው። ሳይንቀሳቀሱ 90 ወይም ከዚያ በታች ደጋግሞ ካሳየ አዲስ አበባም ይሁኑ ሌላ ቦታ በዕለቱ ይታዩ።

ቁጭ ብሎ የተለካ ቁጥር ብዙ ይደብቃል። የሚያጋልጠው የአንድ ደቂቃ ቁጭ ብድግ ነው። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ካለ፣ ቁጭ ብለውም ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ ቤት ውስጥ አያድርጉት። በሌላው ጊዜም አጠገብዎ ሰው ይኑር።

1. መደገፊያ እጀታ የሌለው፣ ቁመቱ ጉልበትዎ ድረስ የሆነ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡ።
2. ከ5 ደቂቃ እረፍት በኋላ ኦክስጅኑንና የልብ ምቱን ይጻፉ። መሣሪያው ጣትዎ ላይ ይቆይ።
3. እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው፣ በእጅ ሳይደገፉ፣ በሚችሉት ፍጥነት ለ1 ደቂቃ ይነሡ ይቀመጡ። አጠገብዎ ያለው ሰው ይቁጠር።
4. ሲጨርሱ ቁጭ ብለው ለ2 ደቂቃ ቁጥሩን ይከታተሉ። ዝቅተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታየው ካቆሙ በኋላ ስለሆነ መሣሪያውን ቶሎ አያውልቁ።
5. ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ኦክስጅኑ እስከ ስንት እንደወረደ፣ ድካሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ይጻፉ።

ኦክስጅኑ ከመነሻው በ3 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ ሳንባው ወይም የሳንባ ደም ሥር ላይ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ከ88 በታች ከሄደ በመሐል ያቁሙ። ምንም ሳይወርድ ሰውየው 10 ጊዜ ተነሥቶ ከደከመ ደግሞ ጡንቻው፣ የደም ማነሱ ወይም አተነፋፈሱ ይጠረጠራል። ይህችን ማስታወሻ ይዞ የሄደ ሰው ሐኪሙን ግማሽ መንገድ አድርሶታል።

ሐኪም ቤት ምን ይጠየቅ?

የሳንባ ምች የነበረበት ሰው ከ12 ሳምንት በኋላ የደረት ራጅ ቢደግም ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ቢነሣ ገና እየጠራ ያለ ሳንባ ያስደነግጣል። ራጁ ጤነኛ ነው ማለት ግን ሳንባው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ስስ ጠባሳም ሆነ የረጋ ደም ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሲራመዱ ኦክስጅኑ የሚወርድ ከሆነ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም የደረት ሲቲ ስካን ይጠይቁ። ለጠባሳ የሚነሣው ሲቲና ለረጋ ደም የሚነሣው ሲቲ አይመሳሰሉም፤ ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ ይቀድመዋል። ማዘዣው ላይ ሐኪሙ የሚፈልገውን በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ስፓይሮሜትሪ የሚባለው፣ ቱቦ ውስጥ በኃይል የሚነፋበት ምርመራ፣ አስምንና የሳንባ መጥበብን ይለያል። ከኮቪድ በኋላ ግን በብዛት የሚጎዳው ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍበት አቅም ስለሆነ ስፓይሮሜትሪው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ ሊኖር ይችላል። ይህን አቅም የሚለካው መሣሪያ በሁሉም ቦታ አይገኝም። በሌለበት ቦታ የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ ጥሩ ምትክ ነው፤ 30 ሜትር ኮሪደርና አንድ የጣት መለኪያ ይበቃዋል።

ሳያውቁ የሚዋጡ መድኃኒቶች

ብግነት የሚያበርደው የስቴሮይድ መድኃኒት ዴክሳሜታዞን በ2020 ስሙ የገነነው በምክንያት ነው፤ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ሕይወት አትርፏል። የተሰጠው ግን በቀን 6 ሚሊ ግራም፣ እስከ 10 ቀን ድረስ፣ በከፍተኛ ሕመም ላይ ላሉ ሰዎች ነበር። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን አልጠቀመም። ከወራት በኋላ ለሚቀር የትንፋሽ እጥረት ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ስኳር ያንራል፣ አጥንትና ጡንቻ ያሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳል። መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ብርታት መስጠቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ሲቲ ላይ ገና ያልበረደ ብግነት የታየበት ሰው ሐኪሙ የዚሁ ወገን የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሊያዝለት ይችላል፤ ያ ተገቢ ሕክምና ነው። ቲቢ ከተጣራ በኋላ ይጀመራል፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያልቃል። ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ለሕይወቱ አደገኛ ነው።

አንቲባዮቲክ ጠባሳን አያድንም። ሌቮፍሎክሳሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ቲቢን ለጊዜው አስታግሰው ምርመራውን ያዘገያሉ። የደም ግፊት ታማሚ ሆነው ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ ደረቅ ሳልዎ ከእሱ ሊሆን ይችላል፤ ራስዎ ሳያቆሙት ሐኪሙን ይጠይቁ።

በዳማ ከሴ፣ በጤና አዳም ወይም በነጭ ሽንኩርት እንፋሎት መታጠን አፍንጫ ይከፍት ይሆናል እንጂ ሳንባ ውስጥ ያለ ጠባሳ ድረስ የሚደርስ ነገር የለውም። የፈላ ውኃ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ፊትና ደረት ያቃጥላል፤ የሳንባ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ሳሉን ያስነሣል። ለሚከረክር ጉሮሮ ለብ ያለ ውኃ ከአንድ ማንኪያ ማር ጋር ይሻላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው የሚደረግ

ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደፊት ዘንበል ይበሉ፣ ክንድዎን ጭንዎ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። መንገድ ላይ ከሆኑ ግድግዳ ወይም አጥር ተደግፈው ያንኑ ያድርጉ። ክንድ ሲያርፍ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ደረትን ለማንሣት ነፃ ይሆናል። ከዚያ በአፍንጫ ቀስ ብለው እስከ 2 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርዎን አሹለው እስከ 4 እየቆጠሩ ያስወጡ። በኃይል አይንፉ። ሰዎች የሚሳሳቱት ማስገባቱ ላይ በመትጋት ነው፤ የታመቀው አየር ካልወጣ አዲሱ የሚገባበት ቦታ የለውም።

አተነፋፈስ ለተዛባበት ሰው በየቀኑ የሚደረግ ልምምድ አለ። ጉልበትዎን አጥፈው በጀርባ ይንጋለሉ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ እምብርት ላይ ያድርጉ። ሆድ ላይ ያለው እጅ ከፍ ዝቅ ሲል ደረት ላይ ያለው ዝም እንዲል ይሞክሩ። 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ማዞር ወይም የጣት መደንዘዝ ከመጣ እየፈጠኑ ነው፤ ረገብ ይበሉ። መጀመሪያ ተንጋሎ፣ ሲለመድ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ እየተራመዱ ይደረጋል።

አክታ ያለበት ሰው ሦስት አራት ጊዜ በረዥሙ ይተንፍስ፣ ከዚያ መስታወት እንደሚያጨግግ አፉን ከፍቶ «ሃ» እያለ ሁለት ጊዜ አየሩን በፍጥነት ያስወጣ። ደጋግሞ በኃይል ከመሳል ይልቅ ይህ አክታውን በትንሽ ድካም ያወጣል።

ወደ እንቅስቃሴ መመለስ

መንስኤው ከተለየና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ሜዳ ላይ ለ5 ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ በመራመድ ይጀምሩ። 5 ደቂቃ ከከበደ 1 ደቂቃ መራመድ፣ 1 ደቂቃ ማረፍ። ድካሙ ከ10 ከ3 እንዳይበልጥ፤ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎ ፈጥነዋል። ሰፈሩ ዳገት ከሆነ ዳገቱን በመሄጃ፣ ቁልቁለቱን በመመለሻ ያድርጉት፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ የደከመ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያንኑ መጠን 7 ቀን ይያዙ። ደህና መሆንዎን የሚወስኑት በዕለቱ ስሜት ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ከኮቪድ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ድካም ከ12 እስከ 72 ሰዓት ዘግይቶ ሰውነትን ይጥላል፦ አልጋ መውረድ ያቅታል፣ ራስ ይፈዛል፣ እንቅልፍ አያሳርፍም። ይህ ያለበት ሰው «ጠንከር ብለህ ልመደው» ሲባል የበለጠ ይታመማል። ለእሱ የሚሠራው ቀኑን በቁራጭ ከፋፍሎ፣ ሳይደክም በፊት ማረፍ ነው። ይህ የሌለበት ሰው ግን በየሳምንቱ 1 ወይም 2 ደቂቃ እየጨመረ ይሂድ፣ 20 ደቂቃ ሲደርስ ቁጭ ብድግና ደረጃ ይጨምር።

ጀሪካን ወይም ሕፃን ሲያነሡ ትንፋሽ አይያዙ፤ መጀመሪያ አየር ያስገቡ፣ በሚያነሡበት ቅጽበት ያስወጡ። ሻወር ቁጭ ብለው ይውሰዱ። ስግደት ከቁጭ ብድግም የሚከብድ እንቅስቃሴ ነው፤ ለጊዜው ወደ መቆም ወይም መቀመጥ መቀየሩን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ጾሙም እንዲሁ። የሚጾም ሰው ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሱፍ በየቀኑ ካልበላ የቀለጠ ጡንቻ አይመለስም፤ ክብደቱ እየወረደ ያለ ሰው ደግሞ ጾሙን ቢያቆየው ይሻለዋል።

ጭስ

ሳንባው የቆሰለ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ የከሰልና የእንጨት ጭስ ሕክምናውን ያከሽፋል። እንጀራ ሌላ ሰው ይጋግር፣ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር። በርበሬ ሲታመስ ሕመምተኛው ከቤት ይውጣ። ቡና ሲቆላ በርና መስኮት ትይዩ ይከፈት፤ እጣኑ ይቅር። ሲጋራና ሺሻ ጨርሶ አይነኩ።

ኦክስጅን ይዞ ወደ ቤት መሄድ

ሐኪሙ በደቂቃ 2 ሊትር ካለ 2 ሊትር ነው፤ ራስዎ አይጨምሩ። ሲሊንደር ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማስላት ይማሩ፦ የሲሊንደሩ ሊትር በግፊት መለኪያው ላይ ባለው ባር (የግፊት መጠን) ይባዛል። 40 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 2 ሊትር 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ይሆናል። መለኪያው 40 ባር ሲደርስ ሌላ ይዘዙ።

ኦክስጅን አምራቹ ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስለዚህ አነስተኛ ሲሊንደር ተጠባባቂ ይኑር። የአየር ማጣሪያ ስፖንጁን በየሳምንቱ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱ፤ የታፈነ ማጣሪያ ማሽኑን ያሞቃል፣ የኦክስጅኑንም ጥራት ያወርዳል። አንዳንድ ማሽኖች ሙሉ አቅማቸው የተረጋገጠው እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለአዲስ አበባና ከዚያ በላይ ላሉ ከተሞች ሲገዙ መመሪያው ላይ ያለውን የከፍታ ወሰን ያንብቡ። ከከሰል ምድጃ፣ ከጧፍና ከሻማ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። አፍንጫ ሲደርቅ ቫዝሊን ወይም ቅቤ አይቀቡ፤ ቅባት ኦክስጅን ባለበት በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የአውሮፕላን ጉዞ ያሰበ ሰውም ይጠንቀቅ። በረራ ላይ የመንገደኞች ክፍሉ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ነው። ከዝቅተኛ አገር ወደ አዲስ አበባ ለእረፍት የሚመጣ፣ ሲራመድ ኦክስጅኑ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከአውሮፕላኑ ወርዶም ያው ከፍታ ላይ ነው የሚቆየው። ትኬት ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ኦክስጅን ለዘለዓለም የታዘዘ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ከሆስፒታል በወጡ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ እንደገና ይለኩ፤ ብዙዎች ከዚያ በኋላ አያስፈልጋቸውም። የቁጭ ብድጉን ማስታወሻ በየ2 ሳምንቱ ይሙሉ። ቁጥሩ እያሻቀበ ከሄደ በያዙት ይቀጥሉ። ለ6 ሳምንት ባለበት ከቆመ ወይም ወደኋላ ከተመለሰ ቀጠሮው ባይደርስም ወደ ሳንባ ሐኪሙ ይመለሱ፤ የኮሮና ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ እያደር አይብስም፣ የባሰ ካለ ሌላ የሚፈለግ በሽታ አለ።